ሳሙና በር

ሱቄ ሳሙና በር ናት፣ ከባጃጅ ተራው ዝቅ ብሎ፣
«ዘፈን እናጥባለን» ይላል በሩ፣ በቀይ ቀለም ተኳኩሎ።
ስሙን ሰፈሩ ሰጠኝ፣ እኔ አረፋውን ጨመርኩበት፣
ደጋሽ ሁሉ ይመጣል፣ ፍላሹን በመሐረብ ቋጥሮት።

«ቄሱ ሊባርኩ ይመጣሉ፣ አማት ከፊት ናት፣ ልጅ ሞልቷል፤
ነውሩን አውጣልን እንጂ ምቱን እንዳትነካው» ብላ
የሙሽራዋ አክስት ትወጣለች፣ ቀብዱን ጠረጴዛዬ ላይ ጥላ።
እኔም ማዳመጫዬን አጥልቄ፣
ድምፁ ስክሪኑ ላይ እንደ ሊማሊሞ ሲወጣ ሲወርድ፣
ነውረኛዋን ቃል ከገብስ እንደ እንክርዳድ እለቅማለሁ፣
ጉድጓዷን በከበሮ ደፍኜ «ንጹሕ» ብዬ ስም እሰጣለሁ።
ለአንድ ዘፈን ሠላሳ ብር፤ የአጣቢው ነው ዋጋው።
የዘፋኙስ ድርሻ? እኔ እንጃ፤ ጠይቆኝ አያውቅም አንድ ሰው።

አንድ ፋይል ነበረኝ፣ ከሹፌር ስልክ የቀዳሁት፣
እሱም መተማ ሲያድር፣ ሌሎች ሹፌሮች የሰጡት፤
ስም በሚጻፍበት ቦታ «ያልታወቀ አርቲስት» ይላል፣
መሰንቆው ግን ራሱን ያውቃል፣ እያለቀሰ ያስጨፍራል።
ከመካከሉ አንዲት ስንኝ፦
«አንጓች የኔ ዓለም፣ ካልጋሽ ሥር ነጋልኝ።»
አልጋ! በሰርግ ቤት! ቄሱ ፊት!
በሁለት ጠቅታ ቆረጥኳት፣
በእልልታ ሸፈንኳት።

ማራኪ ድንኳኑ ሞልቶ፣ እስክስታው አቧራ ሲያስነሣ፣
ዘፈኑ እዚያች ቦታ ደረሰ፦
«አንጓች የኔ ዓለም፣                    ሥር ነጋልኝ።»
ማንም አልነቃ። አንድም ትከሻ አልተዛነፈ።
ከድንኳኑ ጀርባ፣ ለድግሱ እንጨት ሊፈልጥ የተቀጠረ
የአንድ ሰው መጥረቢያ ብቻ
አየር ላይ ቀረ።

ሲነጋ ሱቄ በር ላይ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል፤
አዛናው ይባላል፣ ከአዘዞ በእግሩ መጥቷል።
«አጣቢው አንተ ነህ?»
ነኝ አልኩ፣ ገንዘብ ሊጠይቅ ነው ብዬ
(ደግሞም ይገባው ነበር) ኪሴን ዳብሼ።
«አልጋዬን የት አደረግኸው?»

ዝም አልኩ።
«አንጓች እናቴ ናት። ጎንደር ሆስፒታል፣ ሦስት ወር ከአሥር ቀን
ካልጋዋ ሥር ካርቶን አንጥፌ አደርኩ፣ ጫማዬን ተንተርሼ።
ሌሊት እጇ ቁልቁል ይወርድና
ፊቴን ይዳብሳል፣ መኖሬን ሊያውቅ።
ዘፈኑ እሱ ነው፤ ሌላ የለውም።
አልጋውን ስትወስድ እሷንም ወሰድካት።
አሁን እኔ
የማን ሥር ነው የነጋልኝ?»

አርባ ሰርግ፣ ምናልባት ሃምሳ። በሠላሳ ላባዛው ጀመርኩ፣
ቁጥሩ ከንፈሬ ላይ ደረቀ።
ስሙን ሳልጠይቅ ሰሙን ልፍቅ ብዬ
ወርቁ አብሮ ሄደ።
መሳቢያው ውስጥ ያለውን ሰጠሁት። ሁለቴ ቆጠረው፣
«የቀረውን በወር በወር» አለ፤
«ይቅርታህን ግን ለጊዜው አንተው ጋ አስቀምጠው።»

ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። ዋናው የለም፤
በታጠበው ላይ ታጥቦ፣ በላዩ ላይ ተጽፎበት ጠፍቷል።
«ቃሏን ብቻ በልልኝ» አልኩት፣ «ቦታዋ ላይ እሰፋታለሁ።»
«ቃል ብቻውን አይዘፈንም» ብሎ
መሰንቆውን ከማዳበሪያው አወጣ፣
ከመጀመሪያው ጀመረ።

ስም በሚጻፍበት ቦታ «አዛናው» ብዬ ጻፍኩ።
«የአባትህን ማን ልበል?»
«የእናቴን አድርገው።»

ቅዳሜ አክስቲቱ ሌላ ድግስ ይዛ መጣች፦
«ያ ዘፈን፣ ንጹሑ፣ አለህ?»
አለኝ፣ አልጋ አለበት፣ ዋጋውም ጨምሯል፣
ግማሹ የባለቤቱ ነው አልኳት።
ፍላሿን ይዛ ሄደች። ትመለስ እንደሆነ አላውቅም።

የበሩን ጽሑፍ አልፋቅሁትም፤ ቀለም ተወዷል።
አዲሱ ቅጂ፣ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ፣
«ካልጋሽ» ሲል፣ ልክ እዚያው ላይ፣
የባጃጅ ጡሩምባ ገብቶበታል።
አልቆረጥኩትም።